የገዛ ንባብን ግጻዌ ማዘጋጀት፦ ስለ ፊድ ማንበቢያ ፕሮግራም አመራረጥና አጠቃቀም

በአሁኑ ዘመን በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭም ሆነ በስቶክሆልም ተቀምጦ የአገሩን ወሬ ለማወቅ የሚፈልግ የአማርኛ አንባቢ፣ ማለዳ ተነሥቶ ስልኩን በከፈተ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱ ሊያነበው ያሰበውን ሳይሆን ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ በራሱ ስሌት ከፊቱ የደረደረለትን ነው። የትኛው ጽሑፍ ይቅደም፣ የትኛው ይዘግይ፣ የትኛውስ ጨርሶ አይታይ የሚለውን የሚወስነው አንባቢው የማያውቀውና ሊጠይቀው የማይችለው ቀመር ስለ ሆነ፣ ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ ዐይኑን ሲያደክም ቆይቶ ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ ሊያነበው ያሰበው ጽሑፍ ወጥቶ እንደ ሆነ እንኳ ሳያውቅ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው የሚገባን አይመስለኝም፤ ሰው ዕለት በዕለት የሚያነበው ነገር ቀስ በቀስ ሕሊናውን ይቀርጸዋልና፣ የንባቡን ቅደም ተከተል ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው ከሕሊናው አንድ ክፍል አብሮ ሰጥቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ በየዕለቱና በየበዓሉ የሚነበቡትን መልእክታት፣ የሚሰበከውን ምስባክና የሚነበበውን ወንጌል ወስኖ ስለሚያስቀምጥ፣ ዲያቆኑም ካህኑም «ዛሬ ምን ይነበብ?» ብለው አይቸገሩም። እኔም በዚህ ሐተታ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የምፈልገው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዓለማዊው ንባብ እንዲህ ያለ ግጻዌ ሊሆን የሚችል ነው፤ ልዩነቱ አዘጋጁም ተጠቃሚውም አንድ ሰው፣ ይኸውም አንባቢው ራሱ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ የፊድ ማንበቢያ ወይም የአር.ኤስ.ኤስ. ማንበቢያ ተብሎ ይጠራል፤ በስልክም በድረ ገጽም የሚሠሩ ዐይነቶች ቢኖሩም፣ እዚህ የምናገረው በዴስክቶፕ ወይም በላፕቶፕ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ስለሚሠራው ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በመጀመሪያ ፊድ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ድረ ገጽ በዐይን ከሚታየው ገጹ ሌላ፣ ለፕሮግራሞች የሚሆን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጅቶ በታወቀ አድራሻ ያስቀምጣል፤ በዚህም ፋይል ውስጥ በቅርቡ የወጡት ጽሑፎች ከአዲሱ ወደ አሮጌው በተራ ተመዝግበው ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አርእስቱ፣ ሙሉው ገጽ የሚገኝበት ሊንክ፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ከሌላው የሚለይበት መለያ፣ ከዚያም አጭር መግለጫው ወይም እንደ ባለቤቱ ፈቃድ መላው ቃሉ ይጻፍለታል። የማንበቢያው ፕሮግራም ተግባር እንግዲህ አንባቢው የመረጣቸውን አድራሻዎች በተወሰነ ጊዜ እየዞረ መጠየቅ፣ አዲስ የተመዘገበ ነገር ያገኘ እንደ ሆነ ወደ ኮምፒውተሩ አምጥቶ ማስቀመጥ፣ ሁሉንም በአንድ መስኮት በጊዜ ቅደም ተከተል አቅርቦ የተነበበውን ካልተነበበው ለይቶ ማሳየት ነው። በዚህ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ወገን የለም። አንባቢው ስሙን አያስመዘግብም፣ የይለፍ ቃል አያወጣም፣ ማን ምን ወደደ የሚል መዝገብም አይጻፍበትም፤ ድረ ገጹ የሚያውቀው አንድ ኮምፒውተር መጥቶ ፋይሉን እንደ ጠየቀ ብቻ ነው።

የዚህ ሥርዓት ታሪክ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ራማናታን ጉሃና ዳን ሊቢ ለኩባንያቸው የመግቢያ ገጽ አር.ኤስ.ኤስ. የተባለውን የፊድ አጻጻፍ ደንብ የመጀመሪያ እትም አዘጋጁ፤ ኔትስኬፕ ብዙም ሳይቆይ ነገሩን ችላ ሲለው ዴቭ ዋይነር የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ አንሥቶ እያሻሻለ ከቆየ በኋላ፣ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን 2.0 እትም በ2002 አወጣ፣ በሚቀጥለውም ዓመት የደንቡን ጽሑፍ ባለመብትነት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ለበርክማን ማእከል አስረከበ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ማንም ነጋዴ «የእኔ ነው» ብሎ ሊዘጋው የማይችል የወል ገንዘብ ሆኖ ቀረ። በ2005 መጨረሻ ደግሞ አተም የተባለ ተመሳሳይ ደንብ በኢንተርኔት መሐንዲሶች ጸደቀ፤ ማንበቢያዎች ሁለቱንም አሳምረው ስለሚያነቡ አንባቢው በልዩነታቸው ሊጨነቅ አይገባውም። ፖድካስት የሚባለውም የድምፅ ዝግጅት ወደ አድማጩ የሚደርሰው በዚሁ በአር.ኤስ.ኤስ. መንገድ ነው፤ ፊዱ ከጽሑፉ ጋራ የድምፁን ፋይል አድራሻ ይዞ ይመጣል።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ከዚሁ ከ1999 ጋራ የተያያዘ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ፊድ የጽሑፍ መዝገብ እንጂ የሥዕል መዝገብ ስላልሆነ፣ ፊደላችን በኮምፒውተር ዓለም የታወቀ የራሱ ቁጥር ባይኖረው ኖሮ ይህ ጥበብ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ሆኖ በቀረ ነበር። ቀድሞ የአማርኛ ድረ ገጾች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፎንት ይሠሩ ስለ ነበር፣ የአንዱ ፎንት የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ያይ ነበር፤ አንዳንዶቹም ጽሑፋቸውን እንደ ሥዕል አድርገው ከመለጠፍ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የተካተተው አር.ኤስ.ኤስ. በተወለደበት በዚያው በ1999 በሴፕቴምበር ነው። ዛሬ አንድ የአማርኛ አርእስት ከጋዜጣው ሰርቨር ተነሥቶ በፊዱ በኩል በማንኛውም ማንበቢያ መስኮት ላይ ሳይዛባ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አመራረጡ ከመግባታችን በፊት አንድ ታሪክ ልናገር፤ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ተግሣጽ ፕሮግራሙን በምንመርጥበት ጊዜ ሁሉ ሊለየን አይገባምና። ጉግል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ጉግል ሪደር የተባለ፣ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ማንበቢያ ከፈተ። በነጻ የሚሰጥና ፈጣን ስለ ነበር በዓለም ዙሪያ ያሉ ጋዜጠኞች፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች የንባብ ዝርዝራቸውን ሁሉ በእርሱ አኖሩ፤ ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችም ዝርዝራቸውን ከእርሱ ጋራ እያስማሙ መሥራት ጀመሩ። ኩባንያው ግን በማርች 13 ቀን 2013 አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ በጁላይ 1 ቀን በዚያው ዓመት ዘጋው። በዊንዶውስ ላይ እጅግ የተወደደ የነበረው ፊድዴሞን የተባለው ፕሮግራም እንኳ በዚሁ የተነሣ ሥራውን አቆመ። ያልተጎዱት የአድራሻዎቻቸውን ዝርዝር በገዛ እጃቸው ፋይል አድርገው የያዙ ብቻ ነበሩ።

ይህ ፋይል ኦ.ፒ.ኤም.ኤል. ይባላል። አንባቢው የተከታተላቸው ድረ ገጾች ስምና አድራሻ ከነአቃፊያቸው የተጻፈበት፣ አንድ ማንበቢያ የጻፈውን ሌላው ማንበቢያ ሊያነበው የሚችል የጽሑፍ መዝገብ ነው፤ መጠኑም እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በፍላሽ ማኖርም ሆነ በኢሜይል ለራስ መላክ ምንም አያስቸግርም። ስለዚህ ማንኛውንም ማንበቢያ ሲመርጡ መልኩንና ፍጥነቱን ከማየት በፊት ይህን ፋይል ማውጣትና ማስገባት መቻሉን ይጠይቁ። የማይችል ከሆነ በሌላው ሁሉ መልካም ቢሆንም እንኳ አይመረጥ፤ በዚህ ነገር ላይ እኔ ምንም ማመቻመች አላውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክረው ሰው የምመርጥለት ተንደርበርድ የተባለውን ነው። ይህ በሞዚላ ስም የሚታወቅ የኢሜይል ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ በነጻ ይጫናል፤ አዲስ አካውንት በሚከፈትበት ጊዜ ከኢሜይል ሌላ የፊድ አካውንት የሚል ምርጫ ስላለው፣ ጋዜጣው ከደብዳቤው ጎን በአንድ መስኮት ይቀመጣል። ኢሜይል ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አቃፊውን፣ ያልተነበበውን በደማቅ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ መፈለጊያውንና ማጣሪያውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ብቸኛው ነቀፌታዬ የሥራ ደብዳቤና የንባብ መዝገብ በአንድ ቤት ማደራቸው ነው፤ አለቃው የጻፈለትን ሊያይ የገባ ሰው ሳያስበው ወደ ወሬው ሊሻገር፣ ሊያነብ የተቀመጠም ወደ ሥራው ሊጠራ ይችላል።

የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን ኔትኒውስዋየርን ይመልከት፤ የዚህ ፕሮግራም ታሪክ ብቻውን ብዙ ያስተምራል። ብሬንት ሲመንስ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሠርቶ አወጣው፤ በ2005 ለአንድ ኩባንያ ሸጠው፤ በኋላም ከዚያ ኩባንያ ወደ ሌላ ተላለፈ፤ በ2018 ስሙ ወደ መጀመሪያ አባቱ ተመልሶ፣ በ2019 በኦገስት አምስተኛው እትም በነጻ፣ ምንጭ ኮዱም ለሁሉ ክፍት ሆኖ ወጣ። ፈጣንና ጸጥተኛ ፕሮግራም ነው፤ ከንባብ ውጭ የሚያሳየው ጌጥ ስለሌለው ዐይን አይባክንም። ብዙ ፊድ ለሚከታተልና ብርቱ ማጣሪያ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራው አርኤስኤስ ጋርድ አለ፤ መልኩ ለጀማሪ ጥቂት የሚያስፈራ ቢሆንም በማጣራት ችሎታው ከተንደርበርድ ይበልጣል። በሊኑክስ ላይ ሊፈሪያና አክሪጌተር የታወቁ ናቸው። የፋየርፎክስ ብራውዘር ራሱ ቀድሞ ፊድ ያሳይ ነበር፤ ከ2018 ዲሴምበር ወዲህ ግን ይህን ክፍል ስላስወገደው ፕሮግራም መጫን ግድ ሆኗል።

ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የፊዱ አድራሻ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው። በአንዳንድ ድረ ገጾች ግርጌ በብርቱካን ቀለም አራት ማዕዘን ውስጥ አንዲት ነጥብና ከእርስዋ የሚነሡ ሁለት ቅስቶች ያሉበት ምልክት ይታያል፤ እርሱን ቢጫኑ ፊዱ ይገኛል። ምልክቱ ባይኖርም ግን ተስፋ መቍረጥ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ማንበቢያዎች የድረ ገጹን ተራ አድራሻ ብቻ ቢሰጧቸው በገጹ ውስጥ ተሰውሮ የተጻፈውን የፊድ አድራሻ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። እንዲሁም በጣም ብዙ ድረ ገጾች ወርድፕረስ በተባለው ሥርዓት የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከአድራሻቸው መጨረሻ ላይ አንድ እዝባር አድርጎ «ፊድ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል መጨመር ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የቢቢሲ አማርኛ ክፍል ፊድ አለው፤ የዩቲዩብ ቻናልም ሁሉ ፊድ አለው፤ የቻናሉን አድራሻ ገልብጠው ቢሰጡት ብዙ ማንበቢያ ይቀበለዋል፤ እንዲህ ባለው መንገድ የመረጡትን መምህር ወይም ዘፋኝ አዲስ ሥራ ዩቲዩብ ወደሚደረድረው ሌላ ሌላ ነገር ሳይገቡ ሊያገኙት ይችላሉ። የፌስቡክ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች ግን በራሳቸው ፊድ አይሰጡም፤ የአገራችን ወሬ አብዛኛው ክፍል በእነርሱ ላይ በመሆኑ ይህ እውነተኛ ጕድለት ነው፤ ማንበቢያ ይዞ ቴሌግራምን ፈጽሞ መተው የሚቻል አድርጌ ለአንባቢ ልነግረው አልሻም።

የዴስክቶፕ ማንበቢያ አንድ ሌላ ድክመት አለው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ፕሮግራሙ እንደ ከዳው ይቈጥራል። ፊድ የድረ ገጹን የጽሑፍ ሀብት ሁሉ አይዝም፤ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጽሑፎች ብቻ ነው። ወርድፕረስ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር 10 ጽሑፎችን፣ ዩቲዩብ ደግሞ 15 ቪዲዮዎችን ያስቀምጣል። አንድ የዜና ገጽ በቀን 30 ጽሑፍ የሚያወጣ ቢሆን፣ ፊዱም 10 ብቻ የሚይዝ ቢሆን፣ ኮምፒውተሩን ዓርብ ማታ ዘግቶ ሰኞ ጧት የሚከፍት ሰው የሰንበቱን ወሬ አብዛኛውን አያገኘውም፤ ማንበቢያው ለመጠየቅ ሲመለስ የቀደሙት ከመዝገቡ ወጥተዋልና። ይህ ለሚያስቸግረው ሰው መፍትሔው ሌሊትና ቀን የሚጠይቅለት አገልግሎት፣ ለምሳሌ ኢኖሪደርን ወይም ፊድሊን፣ ከዴስክቶፕ ማንበቢያው ጋራ ማስማማት ነው፤ ኔትኒውስዋየርና አርኤስኤስ ጋርድ ከሁለቱም ጋራ ይሠራሉ። እኔ ግን በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚጽፉ ጥሩ ጸሐፍትን የሚከታተል ሰው ይህ ችግር ከቶ እንደማያገኘው፣ ማንበቢያውም ይልቁን ለእንዲህ ያሉት ጸሐፍት የተፈጠረ እንደ ሆነ አምናለሁ። ዋናውን ወሬ ማንም ይነግረናል፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚጽፈውን ሊቅ ጽሑፍ ግን ማንበቢያው ካልያዘልን በቀር ማንም አይነግረንም።

በዳታ ጥቅል የሚጠቀም ሰው ስለ ወጪው ይጠይቅ ይሆናል። ፊድ በተለምዶ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ባይት የሚሆን ፋይል ነው፤ ከዚህም ሌላ ደኅና ማንበቢያ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ «ካለፈው ወዲህ የተለወጠ አለ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ለውጥ የሌለ እንደ ሆነ ሰርቨሩ «304» የሚል ቍጥር ብቻ መልሶ ፋይሉን ሳይልክ ይቀራል። ወጪው የሚበዛው አንባቢው ሙሉውን ገጽ ከነሥዕሉ እንዲያወርድ ፕሮግራሙን ሲያዘው ነው፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ገጹን ሳይሆን የፊዱን ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየውን መምረጥ፣ ሥዕል ከሩቅ እንዳይመጣ መከልከል፣ የመጠየቂያውንም ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማራዘም ይበቃል። በየአምስት ደቂቃው እንዲጠይቅ ማድረግ ለአንባቢው ምንም አይጨምርለትም፤ በሌላው ሰርቨር ላይ ግን ከንቱ ሸክም ነው። አንድ ጊዜ የመጣው ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚከማች ኔትወርክ በጠፋ ጊዜም ይነበባል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገራችን ለሳምንታት በተቋረጠበት ጊዜ ያለፈ ሰው የዚህን ጥቅም ያለ ሰፊ ማብራሪያ ይረዳዋል።

አማርኛን በሚመለከት ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛው ፎንቱ ነው። ብዙ ማንበቢያዎች የላቲን ፊደልን ቁመት አስበው የተሠሩ ስለ ሆኑ የእኛን ፊደል አሳንሰውና መስመሩን አጣብቀው ያሳያሉ፤ በማስተካከያው ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መርጦ መጠኑን አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ረጅም ጽሑፍ ለሚያነብ ዐይን ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ የከበደ ነው። ማንበቢያው ካከማቸው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር መፈለግ፣ ወይም አንድ ቃል ያለበትን ሁሉ ለይቶ በአንድ አቃፊ እንዲያኖር ማዘዝ ከሁሉ የሚጠቅመው ባሕርዩ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ድምፅን ሳይሆን ቅርጽን ስለሚያነብ፣ ሞክሼ ፊደላት ለእርሱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል የሚጻፈውን ሁሉ ለመሰብሰብ የፈለገ ሰው «ኀይል» ብሎ ቢያዝዝ፣ አንዱ ጋዜጣ «ኃይል»፣ ሌላው «ሃይል»፣ ሦስተኛው «ሀይል» ብሎ የጻፈው ሁሉ ያመልጠዋል፤ ያመለጠውንም ስለማያየው ማጣሪያው በሚገባ እንደ ሠራ ይመስለዋል። በአርኤስኤስ ጋርድ ማጣሪያው በጃቫስክሪፕት ስለሚጻፍ ነገሩ ይቀልላል፤ የመጀመሪያውን ፊደል በካሬ ቅንፍ ውስጥ ከነሞክሼዎቹ ደርድሮ «[ሀሃሐሓኀኃ]ይል» ብሎ መጻፍ ነው፤ ትርጓሜውም በቅንፉ ውስጥ ካሉት በማንኛቸውም ቢጀምር ተቀበለው ማለት ነው። በዚሁ ዐይነት «[ጸፀ]ጥታ»፣ «[ሰሠ]ራተኛ»፣ «[አኣዐዓ]ለም» እያሉ መቀጠል ይቻላል። በተንደርበርድ ደግሞ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አንድ አንድ መስመር ጨምሮ «ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ይረዝማል፣ ግን ይሠራል። ሊቃውንቱ ስለ ሞክሼ ፊደላት የጀመሩትን ክርክር እስኪጨርሱ ድረስ ተራው አንባቢ ራሱን እንዲህ ይርዳ።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። አዲስ ተጠቃሚ በመጀመሪያው ቀን ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ በሳምንቱም ያልተነበበ ጽሑፍ ቍጥር ሺሕ ደርሶ ሲያይ እንደ ዕዳ ይከብደውና ፕሮግራሙን መክፈት ይተዋል። በዐሥር ያህል አድራሻ መጀመርና ከዚያ በኋላ አንዱን ሲጨምሩ «ይህ የማንን ቦታ ይወስዳል?» እያሉ መጠየቅ የተሻለ ነው። አቃፊም ሲከፈት እንደ ተለመደው ፖለቲካ፣ ስፖርት፣ ጤና እያሉ በአርእስተ ጉዳይ ከመክፈል ይልቅ በጽሑፉ ብዛት መክፈልን እመርጣለሁ፤ በቀን ብዙ የሚያወጡትን የዜና ገጾች በአንድ አቃፊ፣ በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ የሚጽፉትን በሌላ አቃፊ ማኖር ነው። የመጀመሪያው አቃፊ አርእስቱ ብቻ ታይቶ «ሁሉም ተነቧል» የሚለው ይጫንበታል፤ ያለፈው ወሬ አልፏል፣ ጸጸትም አያስፈልገውም። ሁለተኛው ግን ጽሑፍ በጽሑፍ፣ በእርጋታ ይነበባል። የማሳወቂያው ድምፅ ይጥፋ፤ የንባቡም ሰዓት ተወስኖ ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይሁን።

ማንበቢያው እውነትን ከሐሰት አይለይም፤ ድረ ገጹ የጻፈውን እንዳለ ያመጣል። ሆኖም ለጥንቁቅ አንባቢ አንድ የተለየ አገልግሎት ይሰጣል። የመጣው ጽሑፍ በገዛ ኮምፒውተሩ ስለሚቀመጥ፣ ባለቤቱ በኋላ ከገጹ ቢሰርዘው እንኳ በአንባቢው መዝገብ ብዙውን ጊዜ ይገኛል፤ ቃሉ ሲለወጥም አንዳንዱ ማንበቢያ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ አንዳንዱም አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ታሪክ ለሚጽፍ፣ ወይም የአንድን ጉዳይ ዘገባ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለሚከታተል ሰው ይህ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው አሮጌ ጽሑፍ ከስንት ቀን በኋላ ይጥፋ የሚለውን ማስተካከያ ፈልጎ «አይጥፋ» ማለት ይገባዋል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ያስወግደዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ለአንባቢው ነው፤ የአማርኛ ድረ ገጽ ለሚያዘጋጁትም የምለምነው ነገር አለኝ። ብዙዎቹ ገጻቸው ፊድ እንዳለው እንኳ አያውቁም፤ ሥርዓቱ ራሱ ስለሚያዘጋጀው እነርሱ ሳያውቁት ለዓመታት ሲሠራ ይኖራል፤ ገጹ በአዲስ መልክ የተሠራ ዕለት ደግሞ ሳያውቁት ይቋረጣል፣ በሩቅ አገር የሚያነባቸውም ሰው ጸሐፊው መጻፍ የተወ ይመስለዋል። ጋዜጣውን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ፒ.ዲ.ኤፍ. ብቻ የሚለጥፉትም ቢሆኑ ቃሉን በጽሑፍ አብረው ቢያኖሩት አንባቢያቸው ሊፈልገውና ሊያገኘው በቻለ ነበር። በወርድፕረስ የሚሠራ አዘጋጅ በማስተካከያው ውስጥ የንባብ ክፍሉን ቢከፍት ሁለት መስመር ያገኛል፤ አንዱ በፊዱ ስንት ጽሑፍ ይታይ የሚል ሲሆን 10 ተብሎ የተጻፈውን ወደ 50 ከፍ ቢያደርገው የሰንበቱ ወሬ ለሰኞ አንባቢ ይተርፋል፤ ሁለተኛው መላው ጽሑፍ ይላክ ወይስ ቅንጫቢው የሚል ነውና መላውን መርጦ፣ ከታች ያለውን የማስቀመጫ ቍልፍ መጫን ነው።